የሳይድ ቢ መጨረሻ

ቅዳሜ ጠዋት ሰሃን እያጠብኩ የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» በትንሿ ስፒከሬ ከፍቼ ነበር። አባዬ ከባህር ዳር ሊጠይቀኝ ከመጣ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከመኝታ ቤት ወጣና ማድቤቱ በር ላይ ቆመ። አኮርዲዮኑን ትንሽ አዳመጠ።

«ይሄ ያ ካሴት አይደል?»

«የቱ ካሴት?»

«አንተ የቀዳህበት።»

እጄ ላይ ያለው አረፋ እንዳለ ዞርኩ። እሱ ግን ሻዩን ይዞ ወደ ሳሎን ተመልሷል።

ይሄን አልበም ለሰው ሁሉ ሳወራ ነው የኖርኩት። ታሪኩም ያስወራል። ኃይሉ የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። በደርግ ጊዜ ሒልተን ሲጫወቱ፣ በሰዓት እላፊው ምክንያት ታዳሚው እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር። በ1981 (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባንዱ አሜሪካ ለሥራ ሄደ፤ ኃይሉን ጨምሮ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። በ1985 ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና የከበሮ ማሽኑን ብቻውን እየተጫወተ ይሄን ካሴት ቀዳ። ከዚያ ታክሲ ነዳ። ዳላስ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ፣ ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ እያወጣ መኪናው ውስጥ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ካሴቱን አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው። የት አገኘው? ባህር ዳር! እኔ ባደግኩበት ከተማ። ይቺን ስናገር ሁሌም ደረቴ ነፋ ይላል።

አባዬ ሻዩን እስኪጨርስ ጠብቄ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

የ1998ቱ የፈረንሳይ ዓለም ዋንጫ ሰሞን ነው። አስር ዓመቴ ገደማ። ከጎረቤት ልጅ ጋር ኮሜንታተር ሆነን ድምፃችንን መቅዳት አማረን። ባዶ ካሴት አልነበረንም። ከአባዬ መሳቢያ አንዱን አወጣሁ፣ አናቱ ላይ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በፕላስተር ደፈንኩ፣ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። እኔ የማስታውሰው ይሄን ብቻ ነው። የማን ካሴት እንደነበር እንኳ አላየሁም።

አባዬ ቀሪውን ነገረኝ። ሳይድ ቢ ላይ ሙዚቃው ካለቀ በኋላ የሚተርፍ ባዶ ክር ነበር። ታናሽ ወንድሙ ወደ ሱዳን ሊወጣ ሲል፣ በዋዜማው ማታ እዚያች ትርፍ ላይ ለእናታቸው ተናገረ። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። አይዞሽ፣ እጽፋለሁ፣ ጊደሯን እንዳትሸጪ፣ ምናምን። አልጻፈም። የት እንደደረሰ እስከዛሬ የሚያውቅ የለም። አያቴ በየበዓሉ «እስቲ ያንን ልጅ ክፈተው» ትል ነበር። ሙዚቃው መጀመሪያ ማለቅ ስላለበት፣ ቤቱ በሙሉ የኃይሉን አኮርዲዮን እየሰማ የልጁን ድምፅ ይጠብቃል። እሷ ካረፈች በኋላ አባዬ አንድ ቀን ከፈተው። ሁለት ሕፃናት «ጎ-ል! ሮናልዶ!» እያሉ ይጮሃሉ።

«መጀመሪያ ሳቅኩ» አለኝ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አስር ዓመትህ ነበር። ምን ልበልህ?»

ከዚህ በኋላ የምለው አጣሁ። እኔ ምንም ማለት ሲያቅተኝ ቪዲዮ ነው የምከፍተው። ማታ «ኢትዮፒክስ፡ የነፍስ አመጽ» የተባለውን የ2017 ዶክመንተሪ አብረን አየን። የፖላንዱ ማቼይ ቦህኒያክ ነው የሠራው። የሸክላ ማሳተምን የመንግሥት ሞኖፖል ተጋፍቶ በ1969 አምሃ ሪከርድስን ስለጀመረው አምሃ እሸቴ፣ ዋሽንግተን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ከመድረክ ርቆ ስለኖረው ፒያኒስት ግርማ በየነ፣ የእነሱን ሥራዎች አሳድዶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ስላሳተመው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ይተርካል። ግርማ በዚያው ዓመት ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ አልበም አወጣ። የተከታታዩ 30ኛ ነው። ካልሰማችሁት ስሙት፤ የዕድሜ ድምፅ ማለት እሱ ነው።

አባዬ ዝም ብሎ አየ። ሲያልቅ «ፈረንጁ ይሄን ሁሉ ሲፈልግ እኛ ምን እየሠራን ነበር?» አለ።

«ካሴት ላይ እየቀዳን» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ዓይኔ ሞላ።

የኛ ትውልድ ኢትዮ-ጃዝን በዞረ መንገድ ነው ያገኘው። አንዱ ሙላቱን በ2005ቱ «ብሮክን ፍላወርስ» ፊልም፣ ሌላው ዩቲዩብ ራሱ ጎትቶ አምጥቶለት። ሙዚቃው ስለተመለሰ አመሰግናለሁ፤ የምሬን ነው። ሺምኮቪትዝ ባይኖር ያንን አኮርዲዮን አባዬ ማድቤት በር ላይ ቆሞ አይሰማም ነበር። ግን እንደገና የታተመው አልበሙ ነው። ከአልበሙ በኋላ የነበረችው ሦስት ደቂቃ የትም አገር፣ በማንም እጅ ሁለተኛ ቅጂ አልነበራትም። እኔ ደግሞ ስለ ታክሲ ነጂው ኪቦርድ ይሄን ሁሉ ሳውቅ፣ አጎት እንደነበረኝ እንጂ ድምፁ እቤታችን ካሴት ላይ እንደነበረ አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም።

አባዬ ከመሄዱ በፊት ባለው ማታ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ መቅጃውን ከፈትኩ። «ስለሱ የምታስታውሰውን ሁሉ ንገረኝ» አልኩት። ስልኩን አየት አደረገው።

«ይሄስ አይጠፋም?»

«ሁለት ቦታ አስቀምጠዋለሁ።»

«ሦስት ቦታ አድርገው» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። አርባ ደቂቃ አወራ። መሀል ላይ አንዴ ቆም ብሎ ያንን የአኮርዲዮን ዜማ በአፉ አንጎራጎረው፤ ሙዚቃው ሳያልቅ ወደ ወንድሙ መሄድ ያልቻለ ይመስል።