ይህን መስመር ማን ጻፈው?

የእኛ ሙያ ውስጥ ጊት ብሌም የሚባል ትእዛዝ አለ። አንድ የኮድ ፋይል ላይ ስታስኬዱት እያንዳንዱን መስመር ማን፣ በየትኛው ቀን እንደነካው ዘርዝሮ ያወጣላችኋል። ስሙ ወቀሳ ወቀሳ ቢሸትም ጠቃሚ ነገር ነው። ሲስተሙ ሌሊት ሲወድቅ ማንን መቀስቀስ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። "ለምንድን ነው እንዲህ የተጻፈው?" ብላችሁ የምትጠይቁት ሰው ታገኛላችሁ። እንጀራዬ ይኸው ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ጸሐፊው ያልታወቀ ጽሑፍ ሲገጥመኝ ይከነክነኛል።

ሰሞኑን የከነከነኝ ግን ኮድ አይደለም፤ በግዕዝ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። ወደ እሱ የመራኝ ደግሞ የቤተሰብ ጣጣ ነው።

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ዓመቷን ጨርሳ የትምህርት ክፍል የምትመርጥበት ጊዜ ደረሰ። ውጤቷ ጥሩ ነው። እናታችን በልቧ አካውንቲንግ ካስገባቻት ቆይታለች። እህቴ ግን "አንደኛ ምርጫዬ ፍልስፍና ነው" ብላ ቁጭ አለች። ቤቱ ታመሰ። እማዬ ደወለችልኝ፤ "አንተ ታላቋ ነህ፣ ኢንጂነርም ነህ፣ አንተን ትሰማለች። ፍልስፍና ተምሮ ሥራ የያዘ አንድ ሰው ጥሪልኝ በላት" አለችኝ።

እኔ ደግሞ ዶክመንቴሽኑን ሳላነብ ስለ አንድ ሲስተም አስተያየት መስጠት አልወድም። "እስቲ የኛ ሀገር የፍልስፍና መምህራን ምን ሠርተዋል?" ብዬ ፍለጋ ጀመርኩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከጻፉት ነው የተነሳሁት።

መጀመሪያ ያገኘሁት ስም ክላውድ ሰምነር ነው። ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ናቸው፤ በ1953 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አዲስ አበባ መጥተው ዕድሜያቸውን እዚሁ ሲያስተምሩ ኖሩ። ከ1974 ጀምሮ የኢትዮጵያን ፍልስፍና በ5 ቅጽ በእንግሊዝኛ አሳተሙ። ዓመቶቹን ልብ በሉልኝ። አንደኛው ቅጽ የወጣው አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ነው። ሁለተኛው በ1976፣ ሦስተኛው በ1978 ወጣ። ከተማው ውስጥ ወጣት በየመንገዱ ይገደል በነበረበት፣ ዩኒቨርሲቲው ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ያስተምር በነበረበት ጊዜ፣ እኚህ ሰው ተቀምጠው የግዕዝ ዓረፍተ ነገር ያነጻጽሩ ነበር። ድሮ ቢሆን "ሥራ ፈት" እል ነበር መሰለኝ። አሁን ግን ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል እጄ የገባልኝ የእሳቸው ሥራ ነው።

አንደኛው ቅጽ ስለ አንጋረ ፈላስፋ ነው። ይህ መጽሐፍ አባ ሚካኤል የተባሉ ሰው በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የጥበበኞች አባባል ስብስብ ነው። "ታዲያ ትርጉም ከሆነ ምኑ ነው የኢትዮጵያ?" ትሉ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። የሰምነር መልስ ደስ ይላል። የኛ ተርጓሚዎች ቃል በቃል አይመልሱም፤ ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ፣ ከራሳቸው ሃይማኖትና ኑሮ ጋር ያዋሕዳሉ፣ ስለዚህ የሚወጣው ሥራ የራሳቸው ይሆናል ይላሉ። ይህን ለዴቨሎፐር ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ፎርክ እንለዋለን። የሌላ ሰው ፕሮጀክት ወስዳችሁ፣ ለራሳችሁ ችግር አስተካክላችሁ፣ ከጊዜ በኋላ ሌላ ነገር ይሆናል። ማንም ሌባ አይላችሁም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅጽ ናቸው እንቅልፍ የነሱኝ። የሐተታ ዘርዐ ያዕቆብና የተማሪው የወልደ ሕይወት ናቸው። ዘርዐ ያዕቆብ በሐተታው እንደሚተርከው በ1599 አክሱም አካባቢ ተወለደ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ሲከሰስ ሸሽቶ ዋሻ ገባ። እዚያ ብቻውን ሆኖ ሰዎች ስለ እግዚአብሔር የሚሉትን ሁሉ በልቡናው መዘነ። ኋላ እንፍራዝ ተቀመጠ፣ መጻሕፍት እየገለበጠ ኖረ። ኂሩት የምትባል የቤት አገልጋይ ሲያገባም በጋብቻ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎ ነው።

አሁን ጊት ብሌም እናስኪድ። ሁለት ቅጂዎች ፓሪስ፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት አሉ። የተገኙት በ1850ዎቹ፣ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በሚባል ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ በኩል ነው። ከዚያ በፊት ታሪኩ ባዶ ነው፤ አንድም ኮሚት የለም። በ1920 ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ "ይህን የጻፈው ራሱ ጁስቶ ነው" አለ። ሰምነር የሁለቱን ሐተታዎች አጻጻፍ እርስ በርስ፣ ከጁስቶ ደብዳቤዎችም ጋር እያስተያዩ "የለም፣ የኢትዮጵያውያን ሥራ ነው" ብለው ተከራከሩ። ነገሩ በዚያ አላለቀም። በ2013 አናይስ ቪዮን የተባሉ ፈረንሳዊት ተመራማሪ ጥርጣሬውን እንደገና አነሱት። በ2024 ደግሞ የሁለቱንም ወገን ክርክር ጎን ለጎን ያስቀመጠ ጥራዝ ወጣ። ከሦስቱ አዘጋጆች አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር ፋሲል መራዊ ናቸው።

ሌሎችም አሉ። እዚያው ያስተማሩት መሳይ ከበደ በ2008 ባሳተሙት መጽሐፍ የ1960ዎቹ ተማሪዎች ለምን ያን ያህል አክራሪ እንደሆኑ ጠይቀው፣ ከባህላቸው የነቀላቸውን ትምህርት ተጠያቂ አድርገዋል። ወርቅነህ ቀልቤሳ የኦሮሞ ገበሬና አርብቶ አደር ስለ መሬት፣ ስለ ዛፍና ስለ እንስሳ ያለውን ሥነ ምግባር አጥንተው በ2011 መጽሐፍ አድርገውታል። ሰምነር ራሳቸው በኋላ ዘመናቸው የኦሮሞን ተረትና ምሳሌ፣ ዘፈንና ተረት በ3 ቅጽ ሰብስበዋል። የምንጣላባቸው ጉዳዮች ሁሉ እዚያ ተነስተዋል። እኛ ግን ቲክቶክ ላይ ከዜሮ እንጀምራለን።

ይህን ሁሉ ይዤ እህቴን ማኪያቶ ጋበዝኳት። የክርክሩን ነገር ስነግራት ሳቀች።

"መጽሐፉ ራሱ በልቡናህ መዝን ነው አይደል የሚለው?" አለችኝ። "ታዲያ ሐሳቡን መመዘን ትተን የጸሐፊውን መታወቂያ የምንጠይቀው ለምንድን ነው?"

"ለውጥ አለዋ! በ17ኛው መቶ ዓመት አንድ ሐበሻ ዋሻ ውስጥ አስቦት ከሆነ፣ ስለ ራሳችን የምናወራው ታሪክ ይለወጣል።"

"እሱ ታሪክ ነው። ባልና ሚስት እኩል ናቸው የሚለው ግን ማንም ይጻፈው እውነት ነው። ፈረንጅ ጽፎት ቢሆን እውነትነቱ ይቀራል እንዴ?"

መልስ ስፈልግ ወደ እማዬ መልእክት አሻገርኳት፤ የሥራውን ነገር አነሳሁ። እሷም አልማረችኝም። "አንተስ? ኮዱን ኤአይ እየጻፈው ነው ብለህ ስታማርር አልነበር?"

እውነቷን ነው። ዛሬ ቢሮ ከማስገባው ኮድ ብዙው ማሽን የጻፈው ነው። ጊት ብሌም ስታስኬዱ ግን የሚወጣው የእኔ ስም ነው። ሲበላሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱን ግን አንዳንዴ እኔም አላውቀውም። ማን ጻፈው፣ ማን ይጠየቅበት፣ ሳይገባን የተቀበልነው ነገር የማን ነው የሚለው ጥያቄ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጥቷል። ኢንጂነሪንግ ስማር ይህን የሚያስተምር ኮርስ አልነበረኝም። እህቴ ልትማረው የፈለገችው እሱን ነው።

ለእማዬ ደወልኩ። ሥራ ታገኛለች ብዬ አልዋሸኋትም፤ ማረጋገጫ የለኝም። የአካውንቲንጉንም ማረጋገጫ ማንም እንደሌለው ነገርኳት። እስክትመረቅ የኪስ ገንዘቧን፣ ከዚያም በኋላ ሥራ እስክትይዝ ወጪዋን እኔ እንደምችል ቃል ገባሁ። ደመወዜ እንኳን ለሁለት ለአንድም አይበቃም፤ ቢሆንም ቃሌ ነው። እማዬ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "አንተንም አስነካችህ" ብላ ዘጋችው።

ፎርሙ ተሞልቷል፣ ምደባው ገና አልወጣም። እህቴ አሁን የሰምነርን ሁለተኛ ቅጽ አምጣልኝ እያለች ነው፤ በየአሮጌ መጽሐፍ መደብሩ እየጠየቅኩ ነው። እማዬ ደግሞ ስትደውል ስሜን ትታዋለች። "ሄሎ፣ ፈላስፋው" ነው የምትለኝ።