ላዮል፦ ሰንጢ ሲገዙ እጀታውን አስቀድመው ይዩ

በደቡብ ፈረንሳይ ኦብራክ የሚባል ሰፊ አምባ አለ። ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር የሚበልጥ፣ ነፋስ የማይለየው፣ ዛፉ የሳሳና ሣሩ የበዛ አገር ነው። የደብረ ብርሃንን ዙሪያ ለሚያውቅ ሰው የድንጋይ ካቡ፣ ከብቱና ብርዱ ብዙም ባዕድ አይሆንበትም። በዚህ አምባ ላይ ላዮል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ባቡር አይገባባትም፤ ከሮዴዝ ከተማ መኪና ይዘው አንድ ሰዓት ያህል መንዳት ይኖርብዎታል። መሀል አደባባይዋ ላይ የሚቀበልዎት የጄኔራል ሐውልት አይደለም፤ ከነሐስ የተሠራ ኮርማ ነው።

ወደዚህች ከተማ ሰው የሚመጣው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው አሊጎ የሚባለው፣ ከተፈጨ ድንች፣ ከትኩስ አይብና ከነጭ ሽንኩርት ተማስሎ እንደ ክር የሚሳበው ምግብ ነው። ሁለተኛው የከተማዋን ስም የተሸከመው ሰንጢ ነው። ለአባትዎ፣ ለአማችዎ ወይም ለልጅዎ የሚቀመጥ ስጦታ ፍለጋ ወደ እነዚህ ሱቆች ከገቡ፣ በመስታወቱ ውስጥ የተደረደሩት ሰንጢዎች ስለታቸው አንድ ዓይነት ይመስላል። ዋጋቸው ግን አንዱ የሌላውን እጥፍ፣ አንዳንዴም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ልዩነቱ በአብዛኛው ያለው እጀታው ላይ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ዣን ፒየር ካልሜልስ የተባለ የከተማዋ ልጅ የመጀመሪያውን የላዮል ሰንጢ እ.ኤ.አ. በ1829 እንደ ሠራ ይነገራል። ደንበኞቹ ከብት አርቢዎች ነበሩ። ከ1840 ገደማ ጀምሮ ለእረኞች እንዲመች ወስፌ ተጨመረበት። በ1880 ገደማ ደግሞ የወይን ጠርሙስ መክፈቻ ታከለበት፤ ምክንያቱም ከዚህ አምባ ወደ ፓሪስ የተሰደዱ ብዙዎች በካፌና በወይን ቤት ሥራ ተሠማርተው ነበር። ስደተኛ የሰፈሩን ዕቃ በኪሱ ይዞ ይሄዳል፤ ዕቃውም እንደ አዲሱ ኑሮው ይለወጣል። በኋላ ሥራው ቲዬር ወደምትባለው የቢላዋ ከተማ ሄዶ ላዮል ባዶዋን ቀረች። በ1987 ነው የሰንጢ ሥራ እንደገና በከተማዋ በሰፊው የተጀመረው። አዲሱን ፋብሪካ የነደፈው ፊሊፕ ስታርክ ነበር፤ ጣሪያው ላይ ያቆመው 18 ሜትር የሚረዝም ስለት ከሩቅ ይታያል።

አሁን ወደ እጀታው እንምጣ።

የአገሩ ነባር እጀታ ቀንድ ነው። እኛም ቀንድን በዋንጫ እናውቀዋለን፤ ሲታሽ እንዴት እንደሚያበራ፣ ሲደርቅ እንዴት እንደሚሰነጠቅ አያቶቻችን ይነግሩናል። በላዮል ሱቆች ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀንድ ያገኛሉ። የመጀመሪያው ከቀንዱ ጫፍ የሚወጣው ነው። ጫፉ ውስጡ ድፍን ስለሆነ ሳይለወጥ እንዳለ ይቀረጻል፤ ጠንካራ ነው፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሁለተኛው ከቀንዱ ክፍት ክፍል የሚወጣው ነው። ይህ ጎባጣ ስለሆነ በሙቀት ለስልሶ፣ በማተሚያ ተጨምቆ ይዘረጋል። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቅበት ወደ ቀድሞ ጉብጠቱ መመለስ ይፈልጋል። ሻጩን «ይህ የቀንድ ጫፍ ነው ወይስ የተጨመቀ?» ብለው ይጠይቁ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥያቄውን በደስታ ይመልሳል።

ከቀንድ ቀጥሎ እንጨት ይመጣል። ወይራ ለዓይን ውብ ነው፤ ቢጫ መልኩ ላይ ቡናማ ሥር ይሮጥበታል፤ ጥንካሬውም የተመሰከረለት ነው። ጥድ ብዙ ዓመት የሚቆይ ሽታ አለው፤ ሰንጢውን በከፈቱ ቁጥር ይሸትዎታል። ከሞሮኮ የሚመጣው የቱያ ጉንድ ነጠብጣብ ያለበት ነው፤ ሁለት እጀታ አንድ መልክ አይኖረውም። ዞጲ ጥቁርና ከባድ ነው፤ ደረቅ አየር ግን አይወድም። በበጋ ወራት አዲስ አበባ ቤታችን ውስጥ ያለው አየር የቤት ዕቃ በር እንኳ የሚያላላ መሆኑን ያስታውሱ። ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ስጦታ እንጨት ከመረጡ፣ አየር በተነፈገ ዕቃ ውስጥ ሙጫ መሰል ፕላስቲክ እስከ ውስጡ የጠጣውን ዓይነት ይጠይቁ። ይህ ዓይነቱ እንጨት አያብጥም፣ አይሰነጠቅም፤ የጥሬ እንጨትን ሙቀት ግን በመጠኑ ያጣል።

ሦስተኛው ወገን ሰው ሠራሽ ነው። ማይካርታ ጨርቅ ወይም ወረቀት በሙጫ ተነክሮ፣ ተደራርቦና ተጨምቆ የሚሠራ ነው። ጂ-10 የሚባለው በመስታወት ጭረት ይሠራል። ካርቦን ፋይበር ቀላልና ጠንካራ ነው። አሉሚኒየምና ቲታኒየምም አሉ። እነዚህ ውኃ አያስፈራቸውም፤ በአያያዝ ረገድም ምንም አያስቸግሩም። ሰብሳቢዎች ግን ከጊዜ ጋር መልካቸው ስለማይለወጥ አንዳንዴ ችላ ይሏቸዋል።

ታዲያ የትኛውን ይምረጡ? መልሱ ያለው በሚቀበለው ሰው እጅ ላይ ነው። አባትዎ ሰንጢውን ጥሬ ሥጋ ቤት ይዘውት የሚሄዱ ከሆነ ቀንድም ሆነ ያልታከመ እንጨት አይግዙላቸው። ሥጋ የነካ ሰንጢ በሙቅ ውኃና በሳሙና እስከ ማጠፊያው ድረስ መታጠብ አለበት፤ ቀንድ በዚህ ልማድ ብዙ አይቆይም። ለእሳቸው ማይካርታ ወይም ብረት ይሻላል። በመሳቢያ አኑረው፣ ብርቱካን ሊልጡበት ሲሉ ብቻ የሚያወጡት ከሆነ ግን የቀንድ ጫፍ ዕድሜ ልክ ያገለግላቸዋል። የእጃቸው ቅባት ከዓመት ዓመት ያበራዋል፤ ልጅ ሲወርሰው የአባቱ እጅ አብሮት ይወርሳል።

ለታዳጊ ልጅ የሚገዙ ከሆነ ከላዮል ይልቅ የኦፒኔልን ያስቡ። የላዮል ነባር ሰንጢ መቆለፊያ የለውም፤ ስለቱን የሚይዘው ሞላ ብቻ ነው። ኦፒኔል ግን ከ1890 ጀምሮ በሳቯ ተራሮች አካባቢ የተሠራ ሲሆን፣ ከ1955 ወዲህ ስለቱን የሚቆልፍ ተሽከርካሪ ቀለበት አለው። ለልጆች ጫፉ የተድበለበለ ዓይነትም አለው። እጀታው በአብዛኛው ቀላል የቢች እንጨት ነው፤ እርጥበት ካገኘው ያብጥና ስለቱ ለመክፈት ያስቸግራል። ይህ ራሱ ለልጅ ትምህርት ነው፤ «ካጠብክ አድርቅ» የሚለውን ደጋግመው መናገር አያስፈልግዎትም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በፈረንሳይ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች የዝሆን ጥርስ ወይም የባሕር ኤሊ ቅርፊት እጀታ ያላቸው ውብ ሰንጢዎች ያጋጥሙዎታል። አይግዙ። የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ ከ1990 ጀምሮ ታግዷል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ከ6 ቶን በላይ የሚመዝን የዝሆን ጥርስ በአደባባይ አቃጥላለች። ሻጩ «አሮጌ ነው፣ ችግር የለውም» ቢልዎት ጉምሩክ ላይ የሚቆሙት እርስዎ እንጂ እሱ አይደለም። ከሳይቤሪያ በረዶ ሥር ተቆፍሮ የሚወጣው የማሞዝ ጥርስ በብዙ አገሮች ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ከዝሆን ጥርስ መለየቱ ለዓይን ያስቸግራል። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ቦታዎች ደግሞ ሽያጩን ከልክለዋል። አሜሪካ ላለ ወንድምዎ የሚልኩ ከሆነ ይህን ይወቁ። ፓሊሳንድር የሚባሉት ቀያይ እንጨቶችም ንግዳቸው ከ2017 ጀምሮ ቁጥጥር አለበት፤ ደረሰኝ ላይ የእንጨቱ ስም እንዲጻፍልዎ ያድርጉ።

ሱቅ ውስጥ ሲሆኑ ሰንጢውን ተቀብለው ይሥሩበት። የአውራ ጣትዎን ጥፍር እጀታው ከብረቱ በሚገናኝበት መሥመር ላይ ያስኪዱት፤ ሊይዝዎት አይገባም። ሰንጢውን ወደ መብራት አንሥተው በእጀታውና በሞላው መካከል ብርሃን ሾልኮ እንደሆነ ይዩ። የሁለቱን ጎን መልክ ያነጻጽሩ፤ ጥሩ ሠሪ ሁለቱን ጎኖች ከአንድ ቀንድ ወይም ከአንድ እንጨት ያወጣቸዋል። በብዙ እጀታዎች ላይ በትንንሽ ምስማሮች የተሠራ መስቀል ያያሉ። እረኞች ቤተ ክርስቲያን በራቀባቸው ሜዳ ሰንጢውን ዳቦ ላይ ተክለው በዚህ መስቀል ፊት ይጸልዩ እንደነበር የአገሩ ሰዎች ይናገራሉ። ምስማሮቹን በጣትዎ ይዳስሱ፤ ከእጀታው እኩል መሆን አለባቸው።

«ላዮል» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስሙ ለረጅም ዘመን በሕግ ያልታጠረ በመሆኑ በፓኪስታንና በቻይና የተሠሩ ብዙ ሰንጢዎች ይህንኑ ስምና የንቧን ምስል ይዘው ይሸጣሉ። በ15 ዩሮ የቀረበልዎት «የቀንድ» እጀታ በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው። በእጅ የተሠራው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዩሮ ይጀምራል። በከተማዋ ያሉ ወርክሾፖች ሥራቸውን ለጎብኚ ያሳያሉ፤ ሠሪውን በዓይንዎ አይተው መግዛት ከማንኛውም ማህተም ይበልጣል።

ሲመለሱ ሰንጢውን በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ያስገቡ፤ በእጅ ቦርሳ ከያዙት ፍተሻው ላይ ይቀራል። በፈረንሳይ መንገድ ላይም ያለ በቂ ምክንያት በኪስ ይዞ መዞር ያስጠይቃል። ቤት ሲደርሱ ለቀንድና ለእንጨት እጀታ አልፎ አልፎ ጥቂት የወይራ ዘይት በጨርቅ ይቀቡት፤ ውኃ ውስጥ አይዘፍዝፉት፤ ሲዘጉትም በእጅዎ ሸኝተው እንጂ «ቀጭ» አድርገው አይልቀቁት።

ስጦታውን ሲሰጡ ደግሞ አንድ የፈረንሳዮች ልማድ አለ። ስለት ወዳጅነትን ይቆርጣል ስለሚሉ፣ ተቀባዩ ለሰጪው አንድ ሳንቲም ይመልሳል፤ ያኔ ሰንጢው እንደ ተገዛ ይቆጠራል። ከአባትዎ እጅ አንድ ብር ይቀበሉ።