አንደኛ ምርጫ

በቤታችን የሚነገር አንድ የቆየ ታሪክ አለ። ተራኪው እኔ ነኝ። ሥነ ጽሑፍ ለመማር ስድስት ኪሎ ገባሁ፤ ፎርም አስሞሉን፤ መንግሥት አካውንቲንግ ላይ ወረወረኝ፤ ይኸው እስከ ዛሬ የሰው ሒሳብ ስደምር እኖራለሁ። ታሪኩ ይኸው ነው። ልጆቼ በቃላቸው ያውቁታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር፣ እተርከዋለሁና።

ባለፈው ጥቅምት ግን ይህ ታሪክ ጠያቂ ገጠመው። የጠየቀችውም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጄ ናት።

የምንኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ጥግ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ በአንድ ሆቴል የሌሊት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ እንግዳው ሲተኛ የቀኑን ገቢና ወጪ አስታርቄ፣ ሲነጋጋ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ባለቤቴ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። ልጄ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ናት። ፍቅሯ ድንጋይ ነው። ይህን ስል በምሳሌ መናገሬ አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ ከየወንዙ ዳር የለቀመቻቸው ድንጋዮች በመስኮቷ ሥር ተደርድረዋል፤ ስማቸውንና እንዴት እንደተፈጠሩ አንድ በአንድ ትናገራለች። ጂኦሎጂ መማር ትፈልጋለች፤ የምትፈልገውም ማሳቹሴትስ ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ነው።

ኮሌጁን ባለፈው የጸደይ ወራት በአውቶቡስ ሄደን አይተነዋል። ከአንድ ሕንጻ ምድር ቤት፣ ረጃጅም መሳቢያዎች ወደ ተደረደሩበት ክፍል አስገቡን። አስጎብኚው አንዱን መሳቢያ ሲስበው ድንጋይ ሞልቶታል፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ትንሽ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ የአንድ ቀድሞ የነበረ ተማሪ የእጅ ጽሑፍ። ልጄ አንዱን አንሥታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ስንመለስ እስከ ኒው ዮርክ ድረስ አንዲት ቃል አልወጣትም። እኔም አልጠየቅኋትም። አንድ ነገር በብርቱ ስትወድ ዝም እንደምትል አውቃለሁ።

መስከረም ውስጥ የትምህርት ቤቷ አማካሪ ጠራቻትና «አንደኛ ምርጫሽ ይህ ከሆነ ለምን ቀድመሽ አታመለክቺም?» አለቻት። በዚህ አገር «ኧርሊ ዲሲዥን» የሚሉት ሥርዓት ነው። ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። በመደበኛው መንገድ ተማሪው እስከ ጃንዋሪ መግቢያ ድረስ ለብዙ ኮሌጆች ያመለክታል፤ በማርች መጨረሻ ገደማ መልስ ያገኛል፤ የተቀበሉትን ኮሌጆች ከነገንዘብ ድጋፋቸው ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ መዝኖ፣ እስከ ሜይ 1 ቀን አንዱን ይመርጣል። ቀድሞ የሚወስነው ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ በኖቬምበር 1 ቀን፣ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ «ከተቀበላችሁኝ እመጣለሁ» ብሎ ይፈርማል። መልሱ በዲሴምበር አጋማሽ ይደርሰዋል። ከተቀበሉት ሌላ ቦታ ያስገባውን ማመልከቻ ሁሉ ይሰርዛል። ፊርማውም ሦስት ነው፤ የተማሪው፣ የወላጁና የአማካሪው።

ኮሌጁ በዚህ የሚያገኘው እርግጠኝነት ነው፤ የተቀበለው ተማሪ ሌላ ቤት እንደማይሄድበት ያውቃል። ተማሪው በምላሹ የተሻለ ዕድል ያገኛል። ክሪስቶፈር ኤቨሪ፣ አንድሩ ፌርባንክስና ሪቻርድ ዜክሃውዘር የተባሉ ሰዎች በ2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በዚሁ ጉዳይ ላይ አንድ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። የ14 ስመ ጥር ኮሌጆችን ማኅደር መርምረው፣ ቀድሞ ማመልከት ብቻውን በኤስ ኤ ቲ ፈተና ላይ 100 ያህል ነጥብ የመጨመርን ያህል እንደሚረዳ አሳዩ። መቶ ነጥብ! ስንቱ ልጅ ስንት ሌሊት አጥንቶ የማያገኛት መቶ ነጥብ በአንዲት ፊርማ ትገኛለች።

ታዲያ ምን ያመነታል? ትሉኝ ይሆናል።

እናቴ ሸማ ተራ ነጠላ ልትገዛ ስትወርድ እከተላት ነበር። የወደደችውን ነጠላ ፈጽሞ አታየውም። ሌላውን ትገልጣለች፣ የሌላውን ዋጋ ትጠይቃለች፣ ልትሄድ ትነሣለች፤ በመጨረሻ እንደ ዋዛ «ያስ ስንት ነው?» ትላለች። ስንወጣ «ልጄ፣ መውደድህን ያወቀ ነጋዴ አይቀንስልህም» ትለኝ ነበር። ቀድሞ መወሰን ማለት ነጠላውን አቅፎ «ከዚህ ሌላ አልገዛም፤ አሁን ዋጋውን ንገረኝ» ማለት ነው። ዋጋ የማያስጨንቀው ሰው ይህን ማለት አይከብደውም። ሌላው ግን ሊያወዳድረው የሚችለው ሁለተኛ ወረቀት በእጁ አይኖርም። ይህ የእኔ ብቻ ሐሜት አይደለም። ሃርቫርድና ፕሪንስተን በ2006 ቀድሞ የማመልከትን አሠራር አንቀራለሁ ሲሉ፣ የሚጠቅመው ቀድሞም የደላውን ነው ብለው ነበር። የሃርቫርዱ ተማሪውን የማያስር፣ የፕሪንስተኑ የሚያስር ነበር። ሁለቱም በ2011 ተማሪውን በማያስር መልክ መለሱት።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ከ2011 ጀምሮ የአሜሪካ ኮሌጆች አንድ ቤተሰብ ከድጋፍ በኋላ ምን ያህል እንደሚከፍል የሚገምት ማስያ በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያኖሩ በሕግ ይገደዳሉ። አንድ ሌሊት ከሥራዬ መካከል፣ የሆቴሉን ሒሳብ ዘግቼ፣ የራሴን ከፈትሁ። ደመወዛችንን፣ የቤት ዕዳችንን፣ የታናሽ ወንድሟን ዕድሜ ሁሉ አስገባሁ። ማስያው በዓመት 19 ሺህ ዶላር አለኝ። እኛ፣ ትርፍ ሰዓቱን ሁሉ ሠርተን፣ 11 ሺህ እንችላለን። በመካከሉ 8 ሺህ አለ፤ በአራት ዓመት 32 ሺህ። እርግጥ ግምት ግምት ነው፤ ሊወርድም ሊወጣም ይችላል። ሠላሳ ዓመት ከቁጥር ጋር የኖረ ሰው ግን ግምት ላይ አይፈርምም።

እኔ ግን ለመፈረም ቸኮልሁ። ባለቤቴ አልተቀበለችኝም።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችኝ።

«መውጫ አለው» አልኋት። እውነት ነው፤ የተሰጠው ድጋፍ ለመማር የማያስችል ከሆነ ተማሪው ከውሉ መውጣት ይችላል።

«ታዲያ ልንወጣበት አስበን የምንፈርመው ምን ዓይነት ፊርማ ነው? እሺ፣ እንውጣ እንበል። ልጅቱ ገብተሻል ከተባለች በኋላ፣ 'አባትሽ አልቻለም' ብሎ የሚነግራት ማን ነው? አንተ ነህ?»

አልመለስሁላትም። ይልቁንም የድሮውን ታሪክ አነሣሁ። እኔ የተከለከልሁትን ልጄ አትከለከልም፤ እኔን መንግሥት እንደወረወረኝ እርሷን 8 ሺህ ዶላር አይወረውራትም፤ አንደኛ ምርጫ ማለት አንደኛ ነው። ድምፄም ከፍ ሳይል አልቀረም። ልጄ በደረጃው ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር።

በነጋታው ቀኑ ኦክቶበር 31 ነበር፤ በእኛ ጥቅምት 21፣ ማርያም። ባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ስማ ከዚያው ወደ ሥራዋ ሄዳለች። አመሻሹ ላይ፣ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት፣ ልጄ ኮምፒውተሯን ይዛ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጠች። በውጭ ጭንብል ያጠለቁ የጎረቤት ልጆች ከረሜላ እየጠየቁ ያልፋሉ። የስምምነቱ ገጽ ተከፍቷል። የወላጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

«አባዬ» አለችኝ፤ «አንተ ያኔ ፎርሙ ላይ አንደኛ ብለህ የጻፍኸው ምን ነበር?»

የለመድሁትን ልመልስ አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ ግን አልወጣ አለኝ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ምን እንደተሰጠኝ ነው እንጂ ምን እንደጠየቅሁ አይደለም።

ሰኔ 1987 ዓ.ም. ነበር። የአንደኛ ዓመት ትምህርታችንን ጨርሰን የትምህርት ክፍል መምረጫ ፎርም ታደለን። ፎርሜን ይዤ ከኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ደጅ ተቀመጥሁ። ውጤቴ ጥሩ ነበር። ሥነ ጽሑፍ ብዬ ብጽፍ እንደማገኘው አውቅ ነበር፤ ብዙ የሚሻማበት አልነበረምና። የፈራሁት መከልከሉን አይደለም፤ ማግኘቱን ነው። አግኝቼው፣ አራት ዓመት ተምሬው፣ ጸሐፊ ሳልሆን ብቀርስ? ያኔ በማን አሳብባለሁ? ከአንበሳ ግቢ የአንበሶቹ ድምፅ ይሰማ ነበር። ብዕሬን አወጣሁና አንደኛ፦ አካውንቲንግ ብዬ ጻፍሁ። ሥነ ጽሑፍን ሦስተኛ አደረግሁት።

መንግሥት የጠየቅሁትን ሰጠኝ። እኔ ግን ለሠላሳ ዓመት የራሴን የእጅ ጽሑፍ በመንግሥት አሳበብሁ።

ይህን ሁሉ ነገርኋት። ሳትናገር ሰማችኝ። ስጨርስ ግን እፎይታ ሳይሆን ሌላ ጥድፊያ ያዘኝና «እንግዲህ አንቺ እንደኔ እንዳትሆኚ፤ አምጪው፣ ልፈርም» አልኋት።

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አልገፋችውም።

«አባዬ፣ አንተ መፈረም የፈለግኸው የ1987ቱን ፎርም ነው» አለችኝ። «ያ ደግሞ ያንተ ነው።»

ዝም አልሁ።

«እኔ አልፈራሁም። አንደኛ ምርጫዬ እዚያ ነው፤ ለማንም እናገራለሁ። ግን 19 ሺህ ይሁን 9 ሺህ ሳላውቅ አንተን ቅዳሜና እሁድ ሌሊት ማሠራት አልፈልግም። እማዬም ትክክል ናት፤ 'አልቻልንም' ብለን ከምንጽፍላቸው 'ስንት ነው?' ብለን ብንጠይቃቸው ይሻላል። በጃንዋሪ አመለክታለሁ። ድንጋይ እኮ አይሄድም፤ ይጠብቀኛል።»

ሣቀች። እኔም ልሥቅ ሞከርሁ።

በዚያች ሌሊት ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ቀድሞ መልስ የሚሰጠውን ግን ተማሪውን የማያስረውን ማመልከቻ ላከች። የማሳቹሴትሱን በመደበኛው ጊዜ፣ ከአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ ላከችው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ምክር በሆነ ነበር። አላለቀም። በዲሴምበር አጋማሽ ቀድመው ያመለከቱት ጓደኞቿ መልሳቸውን አገኙ። የገቡበትን ኮሌጅ ስም የያዘ ሹራብ ለብሰው ትምህርት ቤት መጡ። ከእነርሱ አንዷ ልጄ ወደምትመኘው ኮሌጅ ገብታለች። በዚያን ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ክፍሏ ገባችና በሯን ዘጋች፤ ድንጋዮቹን ከቦታ ቦታ ስታዛውር ድምፃቸው ወደ ሳሎን ይሰማ ነበር። እኔ የምደምረው ያቺን መቶ ነጥብ ነበር። ከእጃችን ያስወጣናት እኛ ነን። በማርች «አዝናለሁ» የሚል ደብዳቤ ቢመጣ፣ በኖቬምበር ፈርመን ቢሆን ኖሮ ይመጣ እንደሆነ የሚነግረን ማንም የለም። ገብታ ዋጋው ከአቅማችን በላይ ከሆነም መቅረቷ ያው ነው፤ ልዩነቱ ሌላ ወረቀት በእጇ መኖሩ ብቻ ነው። ትክክል ሠርተናል ብዬ አንባቢን ማሳመን አልችልም። ማን እንደመረጠ ግን አውቃለሁ። ልጄ በገዛ እጇ መርጣለች፤ የምታሳብበው ሰው አላስቀረችም።

ይህን የምጽፈው ጥር ውስጥ ነው። ጥምቀት አልፏል፤ በረዶው አልፎ አልፎ ይጥላል። መልሱ ሁለት ወር ያህል ይቀረዋል።

በገና ዕለት እንግዶች መጥተው ነበር። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ አንዱ ወዳጄ እንደ ልማዱ «እስቲ ያን መንግሥት የወረወረህን ነገር አጫውተን» አለኝ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። ልጄ ከማዶ ፈንዲሻ ትዘግናለች።

«አልወረወረኝም» አልሁ፤ «አንደኛ ብዬ የጻፍሁት አካውንቲንግ ነበር።»

ወዳጄ ቀልድ መስሎት ሣቀ። ልጄ ግን አልሣቀችም፤ የፈንዲሻውን ሳህን አንሥታ ወደ እኔ አቀበለችኝ።

ደግ ደጉን ያሰማን።