ሳይመረቅ የታየው ቴአትር

ወደ ናይሮቢ የሄደ ኢትዮጵያዊ እንጀራና ቡና በናፈቀው ጊዜ ከሚጠቁሙት ሰፈሮች አንዱ ሁርሊንግሃም ነው። ሰፈሩ ከከተማው መካከል ወደ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። ስሙን እንግሊዞች ከለንደን ይዘውት የመጡ ሲሆን፣ ዋናው ጐዳና ግን ዛሬ የሚጠራው በአርግዊንግስ ኮዴክ ስም ነው። እኒህ ሰው ከኬንያ አፍሪካውያን መካከል የመጀመሪያው ጠበቃ የነበሩና ኋላም ሚኒስትር የሆኑ ናቸው፤ በ1961 ዓ.ም. ሕይወታቸው ያለፈውም በዚያው ጐዳና ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ ነው። መንገደኛ ይህን ሳያውቅ ይሻገራል፤ እኛም ባይነገረን ኖሮ ሳናውቅ ባለፍን ነበር።

በዚህ ሰፈር ስድስት ቀን የተቀመጥነው በአንዲት የአገራችን ሴት ቤት ነው። እኒህ እመቤት ከአዲስ አበባ የወጡት በ1992 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከባለቤታቸው ጋራ ሆነው ሦስት ልጆች ያሳደጉት እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ ነው። ልጆቹ ሦስቱም የተወለዱት በናይሮቢ ነው። ጨዋዎች፣ እንግዳ አክባሪዎችና ትምህርት ወዳዶች ናቸው። ነገር ግን እናታቸው በአማርኛ ስትጠይቃቸው የሚመልሱላት አንዱ በስዋሂሊ፣ አንዱ በእንግሊዝኛ ነው። እትዬም ይህን ለምደውታል፤ ሆኖም አንዳንድ ጊዜ መልሱን ሰምተው ጥቂት ዝም ይላሉ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈልቶ ሳለ አንድ ሽማግሌ ጐረቤት ገቡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ስለ ሆኑ ሰፈሩ ሁሉ «ሙዋሊሙ» ይላቸዋል፤ ይኸውም በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። ልጆቹ ተነሥተው ወንበር ለቀቁላቸው። እኛም ከናይሮቢ ሳንወጣ አንድ ቴአትር ለማየት አስበን ነበርና የትኛውን እንድናይ ይመክሩን እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። ሙዋሊሙም ስኒውን አስቀምጠው፣ «እኔ በዕድሜዬ ካየሁት ቴአትር የሚበልጥብኝ ጭራሽ ያልተመረቀው ነው» አሉን። ትልቋ ልጅ እየተረጐመችልን ታሪኩን አጫወቱን።

ነገሩ የሚጀምረው ካሚሪዙ ከምትባል መንደር ነው። መንደሪቱ ሊሙሩ አጠገብ፣ ከናይሮቢ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ነዋሪዎቿ ገበሬዎች፣ በሻይ እርሻ ላይ በቀን ሙያተኛነት የሚያገለግሉ ሰዎችና በጫማ ፋብሪካ የሚሠሩ ነበሩ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1976 ዓ.ም. ጐልማሶቹ ፊደል ለመቍጠር በመንደሩ የባህል ማእከል ተሰበሰቡ፤ ፊደሉን ከቈጠሩ በኋላም ቴአትር ማዘጋጀት ፈለጉ። ታዋቂው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎና ባልደረባቸው ንጉጊ ዋ ሚሪ በኪኩዩ ቋንቋ አንድ ድርሰት አቀረቡላቸው። ስሙም በአማርኛ «ባሻኝ ጊዜ አገባለሁ» እንደ ማለት ነው። ቁም ነገሩ አንድ ድኻ የእርሻ ሠራተኛ ያለችውን ጥቂት መሬት በባለጠጎች ተንኰል እንዴት እንዳጣ የሚያሳይ ነው።

የመንደሩ ሕዝብ መድረኩን ጣራ በሌለው ሜዳ ላይ በገዛ እጁ ሠራ። አስቀድሞም አምሳያው በክብሪት እንጨት ተሠርቶ ታይቶ ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ልምምዱ በር ተዘግቶ የሚደረግ አለመሆኑ ነው። ተዋንያኑ ሲለማመዱ ያለፈ ያገደመው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ አይቶም ዝም አይልም። አንድ ተዋናይ ሽማግሌ ሆኖ ሲናገር፣ «ሽማግሌ እንዲህ አይናገርም!» ብሎ የሚያርመው ተመልካች ነበረ። ዘፈኑንም ሕዝቡ እየሰማ ስላጠናው፣ ቴአትሩ መስከረም 22 ቀን 1970 ዓ.ም. ሲመረቅ ከመድረኩ በታች ያለው ሰው በመድረኩ ላይ ካለው እኩል ዘፈነ ይባላል።

ትርዒቱ ስድስት ሳምንት ያህል እንደ ታየ ኅዳር 7 ቀን ፈቃዱ ተነሣ። ታኅሣሥ 22 ቀን ደግሞ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ተይዘው ያለ ፍርድ ታሰሩ። በእስር ቤቱም ሳሉ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በኪኩዩ ልብ ወለድ እንደ ጻፉ ዓለም ያወቀው ነው። ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ሲፈቱ ወደ መንደሩ ሰዎች ተመለሱ፤ አዲስ ሥራም ተጀመረ።

ሙዋሊሙ ያዩት ይህን አዲሱን ነው። ስሙ «ማይቱ ንጁጊራ» ይባላል፤ «እናቴ ሆይ፣ ዝፈኚልኝ» ማለት ነው። ከፊተኛው ይልቅ ይኸኛው በዘፈንና በጭፈራ የተሞላ እውነተኛ ሙዚቃዊ ቴአትር ነበር። የሚተርከውም በእንግሊዞች ዘመን ሠራተኛው ሕዝብ በግብርና በመታወቂያ ወረቀት ግዳጅ የደረሰበትን መከራ ነው። ዘፈኖቹ በኪኩዩ ብቻ ሳይሆን በሌሎች የኬንያ ሕዝቦች ቋንቋዎችም ነበሩ። የካቲት 1974 ዓ.ም. በናይሮቢው ብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ተዘጋጀ። ይህ ቴአትር ቤት በ1952 እ.አ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ ለአገር ልጆች ሥራ በሩ ጠባብ ነበር። በጥቅምት 1969 ዓ.ም. ንጉጊ ከሚቼሬ ሙጎ ጋራ ሆነው ስለ ጀግናው ዴዳን ኪማቲ የጻፉት ቴአትር በዚያ መድረክ የተሰጠው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር፤ ከፊቱ የፈረንሳይ ባሌት፣ ከኋላው የአሜሪካ የቀልድ ሙዚቃዊ ቴአትር ጊዜውን ይዘውታልና።

ተዋንያኑ ከሊሙሩ በአውቶቡስ ሲመጡ የቴአትር ቤቱ በር ተቈልፎ ቆያቸው። ፈቃድ አልተሰጠም። እነርሱም ወደ ቤታቸው በመመለስ ፈንታ በአቅራቢያው ባለው የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ገብተው ልምምዳቸውን ቀጠሉ። ልምምድ እንጂ ትርዒት አይደለምና የመግቢያ ዋጋ አልነበረውም። ወሬው ግን በከተማው ተሰማ።

«እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርሁ» አሉን ሙዋሊሙ። «የገባሁት ለወሬ ነው። መቀመጫው ሞልቶ ሰው በደረጃው ላይ ተደራርቦ፣ በበሩና በመስኮቱ ተንጠልጥሎ ነበር። ያየሁት ነገር ያለቀለት አልነበረም። አንዲት ሴት ቃል ጠፍቷት ቆመች፤ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ሕዝቡም እንደ ቤተ ዘመድ ጠበቃት። እኔ ከምዕራብ ኬንያ ስለ መጣሁ ኪኩዩ አላውቅም፤ ግማሹ ንግግር አመለጠኝ። ከዚያ በኋላ ግን የእኛን አገር ዘፈን በእኛው ቋንቋ አነሡ። እናቴ ውሃ ስትቀዳ የምትዘፍነው ዐይነት ዜማ ነበረ። በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ፣ በመጽሐፍና በፕሮፌሰር መካከል፣ የእናቴን ቋንቋ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሳላስበው ተነሥቼ ቆምሁ። በማግሥቱም ሄድሁ፤ በሦስተኛውም ቀን ሄድሁ።»

ልምምዱ ዐሥር ቀን ያህል እንዲህ ሆኖ ከታየ በኋላ ያም አዳራሽ ተዘጋ። መጋቢት 2 ቀን 1974 ዓ.ም. የካሚሪዙ ማእከል ፈቃዱ ተሰረዘ፤ በማግሥቱም ፖሊሶች በካሚዮን ሄደው የመንደሩን መድረክ አፈረሱት። ንጉጊም በዚያው ዓመት በስደት ቀሩ። «እናቴ ሆይ፣ ዝፈኚልኝ» የምርቃት ቀኑን ሳያይ ቀረ፤ ሆኖም ብዙ ሺህ ሰው አይቶታል።

አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት የእኛም አገር ቴአትር አነሣሡ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ ዓመታት የአውሬዎችን ተረት ቴአትር አድርገው ለመኳንንቱ ባሳዩ ጊዜ፣ ነገሩ ሹማምንትን የሚነካ ሆኖ ስለ ተገኘ ቴአትሩ ወዲያው ተከልክሎ ነበር። ቢሆንም መጀመሪያነቱን የሚያስረሳው አልተገኘም። ይህን ለሙዋሊሙ ብንነግራቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «እንግዲያማ ጐረቤትነታችን የቈየ ነው» አሉ።

በማግሥቱ ከሁርሊንግሃም ተነሥተን ሙዋሊሙን ተከትለን ብሔራዊ ቴአትሩን ለማየት ሄድን። ቤቱ ከዩኒቨርሲቲው ጋራ ጐረቤት ነው። ሙዋሊሙ ከበሩ ፊት ቆመው፣ «ተዋንያኑ የቆሙት እዚህ ነው» አሉን፤ ጥቂት ፈቀቅ ብለውም አዳራሹ ያለበትን ወገን በዘንጋቸው አመለከቱን። የተቈለፈው በርና የተከፈተው አዳራሽ ያን ያህል ይቀራረባሉ ብለን አላሰብንም ነበር። የዘመኑ መለወጥ ግን መልካም ነው፤ የመጀመሪያው ድርሰት፣ «ባሻኝ ጊዜ አገባለሁ»፣ በግንቦት 2014 ዓ.ም. በዚሁ ቤት በኪኩዩና በእንግሊዝኛ ታይቷል። ሙዋሊሙም ቲኬት ገዝተው ገብተዋል። እንዴት ነበር ብንላቸው፣ «አምሮ ነበር፤ ልብሱም መብራቱም አምሮ ነበር። እኔ ግን ቃል የጠፋትን ሴት ስፈልግ አመሸሁ» ሲሉ መለሱልን። ደራሲው ንጉጊ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰው አገር፣ በአሜሪካ፣ በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ዐርፈዋል።

አሁን ወደ ቡናው ልመለስና ያልነገርናችሁን እንንገራችሁ። ያን እሑድ የቴአትሩ ስም ሲተረጐም ትንሿ ልጅ ወደ እናቷ ዞር ብላ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ «እማዬ፣ አንቺስ ለእኛ ዘፍነሽልናል?» ስትል ጠየቀች። እትዬ ሣቁ። «መቼ ልዘፍንላችሁ፣ ልጄ? ሌሊት ተነሥቼ ምጣድ ላይ፤ ስመለስ እናንተ ተኝታችሁ» አሉ። ልጅቱ ግን አልለቀቀቻቸውም። እትዬም ጀበናውን አስቀምጠው እሹሩሩን ጀመሩ። ሁለት ሐረግ እንደ ሄዱ ቆሙ። መሐሉ ጠፋቸው። እንደገና ጀመሩ፤ እዚያው ላይ ጠፋቸው። ሣቃቸው ቀርቶ ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው አነሡ፤ ማንም ነገር አልተናገረ።

ረቡዕ ማታ፣ እኛ ልንመለስ አንድ ቀን ሲቀረን፣ እትዬ ደብረ ማርቆስ ላሉት እናታቸው ስልክ ደወሉ። ድምፁም ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አደረጉት። አሮጊቲቱ ጉዳዩን ሲሰሙ፣ «ለዚህ ነው በሌሊት የደወልሽው?» ብለው ተቈጡ፤ ቀጥለው ጉሮሮአቸውን ጠርገው ከዳር እስከ ዳር ዘፈኑት። ልጆቹ ተከተሉ። ወንዱ ልጅ አንዱን ቃል አጣሞ ሲያወጣው አያቲቱ በስልኩ ውስጥ፣ «እንዲህ አይባልም! እንደገና!» አሉ። እንደገና አለ። ሦስት ጊዜ ታረመ። ሙዋሊሙ ቋንቋውን ሳያውቁት ከበሩ አጠገብ ቆመው ያዳምጡ ነበር፤ ስንለምናቸውም አልቀመጥም አሉ።

የዚያ ማታው ዘፈን ያማረ ነበር ልንላችሁ አንደፍርም። ዜማው ይንሸራተት ነበር፤ ስልኩም ሁለት ጊዜ ተቋርጧል። ነገር ግን ካሚሪዙ ላይ ተመልካቹ ተዋናዩን እያረመ ቴአትሩ የሁሉም እንደ ሆነ የሰማነውን፣ በሁርሊንግሃም በአንድ ጠባብ ሳሎን ውስጥ በዐይናችን አየነው።

በውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች ሆይ፣ በአገር ቤትም ያላችሁ፣ ቃሉ ሁሉ እስኪታወስ፣ ድምፁም እስኪያምር አትጠብቁ። የምርቃት ቀን ላይመጣ ይችላል፤ ልጅ ግን የሰማውን ያህል ይይዛል። የጐደለውን የሚያርሙ አያቶች ዛሬ በሕይወት ሳሉ ስልኩ ይደወል። እኛም ሐሙስ ጧት ዕቃችንን ይዘን ስንወጣ ትንሿ ልጅ በር ላይ ቆማ የምታንጐራጕረው ያንኑ ነበር፤ መሐሉን ዘልላው መጨረሻውን ታነሣለች። እናቷም ከወጥ ቤት ሆነው መሐሉን ይሞሉላት ነበር።