ግሪል ስትገዙ ሰው ሁሉ ባንዴ እንዲበላ አስቡ

ወገኖቼ፣ ሰመር ሊገባ ነውና ብዙዎቻችሁ የጋዝ ግሪል ፍለጋ ላይ ናችሁ። እኛ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለን ሀበሾች ደግሞ ስንሰበሰብ አራት አምስት ሰው ሆነን አይደለም፤ አያቱ፣ አጎቱ፣ የክርስትና ልጁ፣ ጎረቤቱ ተጨምሮ ጓሮው ይሞላል። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

ግሪሉ ትንሽ ከሆነ ሥጋው የሚወጣው በዙር ነው። የቀደሙት በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ ሌላው ገና ይጠብቃል፤ ጠባሹ ጭስ ውስጥ ሲቆም ውሎ መጨረሻ ላይ የቀዘቀዘውን ይቀምሳል። ከአንድ ማዕድ አብሮ እየበላ ላደገ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ማንኛውንም ግሪል የምመዝነው በዚህ ነው፦ ሁላችንንም ባንዴ ያበላል ወይ?

መጀመሪያ ስፋቱን እዩ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከላይ ያለችውን የማሞቂያ መደርደሪያ ይጨምራል፤ እሷ ደግሞ የበሰለ ማቆያ እንጂ መጥበሻ አይደለችም። ዋናው ፍርግርግ ብቻውን ስንት ስኩዌር ኢንች እንደሆነ ጠይቁ። አንድ በርገር ከነክፍተቱ 25 ስኩዌር ኢንች ያህል ቢይዝ፣ 500 ስኩዌር ኢንች 20 በርገር ባንዴ ይችላል። ለ15 ሰው ከዚህ አትውረዱ።

ቀጥሎ ሙቀቱ። ቢቲዩው (ግሪሉ በሰዓት የሚሰጠው የሙቀት መጠን) ትልቅ ስለሆነ ብቻ አትግዙ፤ ለዋናው ፍርግርግ ስፋት አካፍሉት። ከ80 እስከ 100 ከመጣ ደህና ነው። ለምሳሌ 45,000 ቢቲዩ ለ500 ሲካፈል 90 ይሆናል። ክዳኑ ስስ ከሆነና በደንብ ካልገጠመ ግን ያ ሁሉ ሙቀት ሜዳ ላይ ይቀራል። ሱቁ ውስጥ ክዳኑን አንስታችሁ መልሱት፤ ክብደቱንና አገጣጠሙን እጃችሁ ይነግራችኋል።

ሦስተኛው ለእኛ ዋናው ነው። ጁላይ ፎር ሁልጊዜ የሚውለው የሰኔ ጾም ውስጥ ነው። ፍልሰታም ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፣ ልክ የግሪሉ ወቅት መሐል። አንድ ጓሮ ውስጥ የሚጾምም የማይጾምም ይኖራል። እናቴ በፍልሰታ ሥጋ የነካው ፍርግርግ ላይ የተጠበሰ በቆሎ አትቀምስም፤ ልክ ናት። ስለዚህ ለየብቻ የሚለኮሱ ቢያንስ አራት በርነሮች ያሉት፣ ፍርግርጉም በቁራጭ በቁራጭ የሚነሳ ምረጡ። ትርፍ ፍርግርግ ገዝታችሁ ለጾም ብቻ አስቀምጡ። በአንድ ጫፍ ዝልዝሉ፣ በሌላው ጫፍ በቆሎው፣ ቃሪያውና እንጉዳዩ እኩል ይደርሳል። የጎን ምድጃ ካለውማ ሽሮውም እዚያው ይንተከተካል።

ጋዙን በተመለከተ፣ 20 ፓውንድ ፕሮፔን 430,000 ቢቲዩ ያህል ይሰጣል፤ ከላይ ያልኩት ግሪል ሙሉ ለሙሉ ተከፍቶ ከ9 ሰዓት በላይ ይሠራል። በባዶ የሚለወጡት ሲሊንደሮች ብዙ ጊዜ የሚሞሉት 15 ፓውንድ ብቻ ስለሆነ፣ የራሳችሁን ማስሞላት ይሻላል። ድግስ ካለ አንድ ትርፍ ያዙ።

አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ሲሊንደር በቀየራችሁ ቁጥር መጋጠሚያውን የሳሙና ውሃ ቀቡት፤ አረፋ ካወጣ ሲሊንደሩን ዝጉት። ክዳኑን ሳትከፍቱ አትለኩሱ፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ውስጥ ይጠራቀማል። ግሪሉን ከቤቱ 10 ጫማ አርቁት፣ ጋራዥ ውስጥ በፍጹም አታስገቡት። አፓርታማ የምትኖሩ ደግሞ በብዙ ቦታ በረንዳ ላይ መጥበስ ክልክል ነውና ደንቡን ጠይቁ።

ገንዘብ ካጠረ መብራቱን፣ ከስልክ ጋር የሚገናኘውን ቴርሞሜትር፣ የሚያብረቀርቀውን ሁሉ ተዉት፤ ስፋቱንና ክዳኑን ግን አትተዉ። ከዚህም የተሻለ መላ አለ፦ እህትና ወንድም ሦስት ቤት ሦስት ትንንሽ ግሪል ከምትገዙ፣ ተዋጡና አንድ ሰፊ ግዙ። የሚሰበሰበው ያው አንድ ቤተሰብ ነው።