ጸጥ ያለው መንገድ ለማን ነው?

ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ስለ ከተማዋ ሲነሣ ከዘንባባዋና ከጣናዋ ቀጥሎ ብስክሌቷን መጥቀሱ አይቀርም። ከተማዋ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ ተማሪውም፣ የፋብሪካ ሠራተኛውም፣ መምህሩም በብስክሌት ሲመላለስባት ኖሯል። ሆኖም ኮርቻው ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ቆም ብሎ ለሚቆጥር ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ከተማው ውስጥ በወንዶቹ መካከል ጥቂት ሴቶች ብቅ ይላሉ። ዓባይን ተከትሎ ወደ ገጠሩ ሲዘለቅ ግን ወንዱ በብስክሌት፣ ሴቷ በእግሯ፣ ያውም ሸክም ተሸክማ ትታያለች። ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆነኝ ይኸው ነው።

ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ያለው መንገድ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ወንዙ ከጣና ከወጣ በኋላ መንገዱ አንዳንዴ ቀረብ፣ አንዳንዴ ራቅ እያለ በሸለቆው አብሮት ይወርዳል። እኔ በዚህ መንገድ የተጓዝሁት በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነበር። ያን ጊዜ መንገዱ ጠጠር የለበሰ ነበር፤ መኪና የሚያልፍበትም አልፎ አልፎ ነው። መሬቱ በአመዛኙ ለጥ ያለ ስለሆነ ልምድ የሌለውን ሰው እንኳ አያስጨንቅም። ጠዋት በ12 ሰዓት ተነሥተን፣ እያረፍንና ከሰው ጋር እየተጨዋወትን፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጢስ ዓባይ ከተማ ደረስን።

በመኪና የሚሄድ ሰው ይህን ሸለቆ በመስኮት አይቶት ያልፋል። በብስክሌት የሚሄድ ግን ይሸተዋል፣ ይሰማዋልም። በጥቅምት ጤፉ ቢጫ መምታት ይጀምራል፤ ዳጉሳው ይጎነበሳል፤ የበቆሎው አገዳ ነፋስ ሲነካው ይንኳኳል። ከባሕር ዛፉ ሥር ሲታለፍ ቅዝቃዜው ፊትን ይዳስሳል። ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ሰላምታው አለ። ብስክሌት እንደ መኪና ስለማይፈጥን፣ ሳይጠያየቁ መተላለፍ ነውር ነው።

መንገዱ የሚያደርሰው ብዙ ታሪክ ካለበት ቦታ ነው። ከፏፏቴው በታች በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ይገኛል። ፏፏቴው ራሱ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል የሚወርድ ሲሆን፣ ክረምቱ በረታ ሲል እስከ 400 ሜትር ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ደግሞ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጣና በለስ ማመንጫ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሐይቁ የሚወጣው ውሃ ብዙው በዚያ በኩል ስለሚሄድ፣ ፏፏቴውን በበጋ የሚጎበኝ ሰው የሚያየው ቀጭን ውሃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ መሄድ ይመረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ጉዟችን ከግማሽ በላይ እንደሆነ፣ ደብተሮቿን በፌስታል የያዘች፣ ዕድሜዋ ከ13 የማይበልጥ ልጅ አገኘን። ውሃ ልንጠጣ ስንቆም እሷም ቆመች። ዓይኗ ከብስክሌቴ ላይ አልነቀል አለ።

«እትዬ፣ ሴት ስትነዳው አትወድቅም?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ትወድቃለች እንጂ! ወንድም እኮ ይወድቃል» አልኋት።

ከቤቷ እስከ ትምህርት ቤቷ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ እንደምትሄድ፣ ክረምት ገብቶ ጅረቱ ሲሞላ ደግሞ እንደምትቀር አጫወተችኝ። ታላቅ ወንድሟ ብስክሌት አለው። እህል ወደ ወፍጮ ያደርስበታል፤ ገበያም ይወጣበታል።

«አንቺስ ለምን አትማሪበትም?» ብላት በጥያቄዬ ተገርማ፣ «ሴት ነኛ!» አለችኝ።

ብስክሌቱን አዘነበልሁላትና ኮርቻውን ከኋላ ይዤ አስቀመጥኋት። እግሯ ፔዳሉን ለመርገጥ በጭንቅ ቢደርስም አሥር እርምጃ ያህል ሄደች። በዚህ መካከል ከገበያ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ አጠገባችን ደርሰው ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ። «ልጄ፣ ልጅቷን እንዳታበላሽብን። ነገ የሚያገባት ሰው ምን ይላል?» አሉኝ።

«አባባ፣ እንጨትና ውሃ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ያልተበላሸች ልጅ በብስክሌት ትበላሻለች?» አልኋቸው።

«ከተሜ መልስ አያጣም» ብለው ሣቅ አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ውድ እናቶች፤ የሽማግሌውን ቃል በገጠር ሰው ላይ ብቻ አናላክክ። እኔም በባሕር ዳር የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በአባቴ ብስክሌት መማር ስጀምር አክስቴ ይህንኑ ነገር ለእናቴ በጆሮዋ ነግራታለች። እናቴ ቃል አልተነፈሰችም። በማግስቱ ግን ቀሚሴ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ብላ ከሥሩ በላስቲክ አጥባ ሰፋችልኝ። የእናቴ መልስ ይህ ነበር።

ሐኪሞች የሚሉትን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በተለምዶ የድንግልና ምልክት የሚባለው ስስ ሽፋን ከሴት ሴት የሚለያይ የአካል ክፍል ነው፤ አንዲት ሴት ከወንድ ጋር መገናኘት አለመገናኘቷን የሚያረጋግጥ ማስረጃም አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ባወጡት መግለጫ፣ የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለውና መቆም እንዳለበት አስታውቀዋል። እንግዲህ ለማረጋገጫነት በማይበቃ ነገር ሰበብ ልጅን ከኮርቻ ማውረድ ምን ይባላል?

እርግጥ በዚህ ጉዳይ ወደ ኋላ የቀረነው እኛ ብቻ አይደለንም። የወንዶች የጎዳና ብስክሌት ውድድር በአቴና ኦሊምፒክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1896 ሲሆን፣ ሴቶች በዚሁ ውድድር በኦሊምፒክ እንዲሰለፉ የተፈቀደው በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ ነው። በመካከሉ 88 ዓመት አለፈ።

ወደ ገጠሯ ተማሪ ስንመለስ ከሌላ አገር የምንማረው አለ። በሕንድ የምትገኘው የቢሃር ክፍለ ግዛት መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ 9ኛ ክፍል ለሚገቡ ሴት ልጆች የብስክሌት መግዣ ገንዘብ መስጠት ጀመረ። ጉዳዩን ያጠኑ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚህ ምክንያት በዕድሜያቸው 9ኛ ክፍል መድረስ ከሚገባቸው ልጃገረዶች ትምህርት ቤት የገቡት ቁጥር በ32 በመቶ ማደጉን ገልጸዋል። ለውጡ ጎልቶ የታየውም ትምህርት ቤቱ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በሚርቅባቸው መንደሮች ነው። ልጃገረዶቹ ከትምህርት የቀሩት ትምህርት ጠልተው ሳይሆን መንገዱ ርቋቸው ኖሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። ወንድ ብስክሌተኛ ስለ አንድ መንገድ ሲያወራ «ጸጥ ያለ ነው» ካለ እያመሰገነው ነው። ለሴት ልጅ ግን ጸጥታ ሁለት መልክ አለው። መኪና የሌለበት መንገድ ሰውም የሌለበት ከሆነ፣ ጆሮዋ የሚያዳምጠው የወፉን ዜማ ሳይሆን ከኋላዋ የሚመጣውን ኮቴ ነው። እኔም ያን ቀን ወንድሜን ያስከተልሁት ጎማ ቢፈነዳ እንዲጠግንልኝ አልነበረም። ለሴት ልጅ ጥሩ መንገድ የሚባለው መኪና የማይበዛበት፣ ሰው ግን የማይጠፋበት መንገድ ነው። ለዚህም ነው ልጃገረዶች በቡድን፣ ሰው በሚበዛበት ሰዓት እንዲሄዱ የምመክረው።

የሰላምም ነገር አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሣው ግጭት የተነሣ፣ በእንዲህ ያለው የገጠር መንገድ ለሽርሽር መነሣት እንደ ቀድሞው ቀላል አልሆነም። ወደዚያ ለመሄድ ያሰበ ሁሉ የአካባቢውን ሰው ስለ መንገዱ ሁኔታ ሳይጠይቅ አይነሣ። መንገዱ ሲዘጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዱት ጎብኝዎች አይደሉም፤ ደብተር በፌስታል ይዘው የሚሄዱት ልጆች ናቸው።

ለልጃቸው ብስክሌት ለመስጠት ለሚያስቡ ወላጆች ጥቂት ምክር ልጨምር። ኮርቻው ልጅቷ ተቀምጣ የእግሯ ጣቶች መሬት እስኪነኩ ድረስ ዝቅ ይበል። ከፊት የሚያልፈው ብረት ዝቅ ያለ ከሆነ በቀሚስም ያመቻል። ነጠላ የለበሰች ልጅ ጫፉን ወገቧ ላይ ትቋጥረው፤ ካቴናው ውስጥ የገባ ጨርቅ ይጥላል። ፍሬኑ ከመንገድ በፊት ሁልጊዜ ይፈተሽ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጎማ መንፋትና የወጣ ካቴና መመለስን ወንድሟ ብቻ ሳይሆን እሷም ትማር። ብስክሌቷን ራሷ መጠገን የምትችል ልጅ መንገድ ላይ የማንንም እጅ አትጠብቅም።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፤ በብዙ ቤት አጥር ጥግ የቆመ ብስክሌት አለ። የሚነዳው ልጅ ወንድ ከሆነ፣ እህቱም በተራዋ ትንዳው። ወፍጮ ቤት የሚያደርስ ጎማ ትምህርት ቤትም ያደርሳል። ያቺ የጢስ ዓባይ መንገድ ልጅ የሄደችው አሥር እርምጃ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጀውን መንገድ ግን በማግስቱም በእግሯ እንደሄደችው አልጠራጠርም። «ሴት ነኛ!» የሚለውን መልስ ልጆቻችን ከእኛ ነው የተማሩት። ሌላ መልስ የምናስተምራቸውም እኛው ነን።