እጅ ከመሪው ላይ ሲነሣ

መኪና ማጠብ ምን እንደሆነ ለዚህ ጽሑፍ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። አዲስ አበባን ያየ ሁሉ ላቫጆን ያውቃል። አንድ የጎማ ቱቦ፣ አንድ ባልዲ አረፋ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለ ልጅ፣ ከዳር ደግሞ ጋዜጣውን ዘርግቶ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ባለመኪና፤ ላቫጆ ማለት ይኸው ነው። ሰማያዊና ነጭ የተቀባች አሮጌ ላዳ ታክሲ ስትታጠብ የሚያስፈልጋት ጨርቅና የልጁ ጉልበት ብቻ ነበር። ላዳዋ ስለ መታጠቧ የራሷ የሆነ አስተያየት አልነበራትም።

ዛሬ ልናወጋችሁ ያሰብነው ግን አስተያየት ስላላት መኪና ነው። ነገሩ ከዚህ ከካኩማ አቧራ እጅግ የራቀ ይመስላል፤ ዳሩ ግን እስከ መጨረሻው ብትታገሡን ወደ ደጃችን እንደሚመጣ ታያላችሁ።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ከእኛ ጋር በአንድ መኝታ ቤት ያደረ፣ እዚህም አንዱን ጥቁር ሰሌዳ ለሁለት ከፍለን አብረን ያስተማርን አንድ የሒሳብ መምህር ባልደረባ ነበረን። ተራው ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ወደምትባለው ብርዳም አገር ሄደ። እዚያ ያገኘው የመጀመሪያ ሥራ መኪና ማጠቢያ ውስጥ ነው። በእርግጥ የሚያጥበው ማሽን ነው፤ የእርሱ ሥራ በማጠቢያው አፍ ላይ ቆሞ ባለመኪናዎችን በእጁ ምልክት እየሰጠ ማስገባት ነው። በሚኔሶታ በበረዶው ወራት መንገዱ እንዳያንሸራትት ጨው ይነሰነስበታል፤ ጨው ደግሞ ብረት ይበላል። ስለዚህ እዚያ ሰው መኪናውን የሚያሳጥበው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ከሥር ያለው ብረት እንዳይዝግበት ጭምር ነው። ጓደኛችን በስልክ የሚልክልንን ድምፅ ማታ ማታ ሻይ ቤት ተሰብስበን እናዳምጣለን።

ማጠቢያው ረጅም ዋሻ መሰል ቤት ነው። ባለመኪናው በዝግታ ይጠጋና የግራ ጎማዎቹን በወለሉ ላይ በተሠራች ጠባብ መስመር ውስጥ ያስገባል። ከዚያ ከወለሉ ሥር በሰንሰለት የሚጎተት ድብልብል ብረት ከጎማው ኋላ ብቅ ይልና መኪናውን እየገፋ ይወስደዋል። በመንገዱ ላይ ሳሙና ይረጫል፤ ከግራና ከቀኝ የጨርቅ ዘርፍ የለበሱ ትላልቅ ጥቅሎች እየተሽከረከሩ ያሻሉ፤ ውኃ ያለቀልቃል፤ በመጨረሻም ብርቱ ነፋስ ያደርቃል። ሁሉም ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ባለመኪናው መሪው ፊት እንደተቀመጠ ነው፤ ነገር ግን አይነዳም። ጓደኛችን ቀኑን ሙሉ በእጁ የሚናገረው ሦስት ነገር ነው፦ ማርሽ ዜሮ ላይ ይሁን፣ እግር ከፍሬን ላይ ይነሣ፣ እጅ ከመሪው ላይ ይነሣ።

የዚህ አሠራር አባት ፋብሪካ ነው። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1913 በዲትሮይት አጠገብ በሃይላንድ ፓርክ በነበረው ፋብሪካው መኪና በሚንቀሳቀስ መስመር ላይ እየተጎተተ እንዲገጣጠም አደረገ። ሠራተኛው ባለበት ቆመ፤ ሥራው ወደ እርሱ መጣ። በዓመቱ፣ በ1914፣ በዚያው በዲትሮይት መኪና በመስመር የሚታጠብበት ቤት እንደተከፈተ ይነገራል። ያን ጊዜ ግን መኪናውን ከቦታ ወደ ቦታ የሚገፉት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ሳሙና ይቀባል፣ ሁለተኛው ያለቀልቃል፣ ሦስተኛው ያደርቃል። ሰንሰለቱና ሞተሩ የሰውን ጉልበት የተኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ለብዙ ዓመታት ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። ሹፌሩ ማርሹን ዜሮ ላይ ያደርጋል፤ መኪናው እንደ እንጨት ግንድ ይገፋል። አዲሱ መኪና ግን ዓይንና ጆሮ አለው፤ ከዚያም አልፎ ፍርሃት አለው። ጓደኛችን እንደሚለው ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች ማርሽ ዘንግ የለውም፤ ቁልፍ ወይም እንደ ሬዲዮ የሚጠመዘዝ ነገር ነው። ሹፌሩ ሞተሩን ቢያጠፋ ወይም በሩን ቢከፍት መኪናው «ጌታዬ ሊወርድ ነው» ብሎ ያስብና ጎማውን በራሱ ይቆልፋል። ሲቆም የእጅ ፍሬኑን በራሱ የሚይዝም አለ። ሌላው ደግሞ ከፊቱ ያለውን በራዳርና በካሜራ ያያል፤ የሚሽከረከረውን ጥቅል ሲያይ ሊጋጭ የመጣ ነገር መስሎት ፍሬን ይይዛል። ይህ ራሱን በራሱ የሚያቆም ፍሬን በጎ ነገር ነው፤ ሕይወት ያድናል፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አዲስ በሚሸጥ መኪና ሁሉ ላይ ግዴታ ሆኗል። በመንገድ ላይ የሚያድነው ፍሬን ግን በማጠቢያው ውስጥ ጠንቅ ይሆናል፤ ምክንያቱም ከኋላ ሌላ መኪና እየተገፋ ይመጣል።

የቀረውም እንዲሁ ነው። ዝናብ ሲነካው በራሱ የሚነሣ የመስተዋት መጥረጊያ የማጠቢያው ውኃ ዝናብ ይመስለውና ይነሣል፤ ጨርቁ ይይዘዋል፤ ይሰበራል። ስፖኪዮው ካልታጠፈ ይመታል። የነዳጅ ወይም የኤሌክትሪክ መሙያው ክዳን በጥቅሉ ሲገፋ ሊከፈት ይችላል። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው አጠገብ ሲቆም የኋላ በራቸው የሚከፈትም አሉ።

ይህን ስንሰማ፣ ድሮ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩና ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አባት ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «መኪናዋ ከሹፌሩ ቀድማ ከፈራች፣ ሹፌሩ ምን ሊሠራ ተቀመጠ?» አሉ። ሳቅን። ጥያቄው ግን የዋዛ አልነበረም። የመኪና ሠሪዎቹም ራሳቸው ሳይጠይቁት አልቀሩም፤ መልስ ሰጥተውበታልና። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጂ.ኤል.ኤስ. በተባለው ትልቅ መኪናው ላይ ለእጥበት የሚሆን ትእዛዝ ጨመረ፦ ስፖኪዮው ይታጠፋል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ ዝናብ የሚያውቀው ክፍል ይተኛል፣ የውጭ አየር እንዳይገባ ይደረጋል፣ መኪናው ጎማው በደንብ እንዲታጠብ ከፍ ይላል። የቴስላ መኪናዎችም ተመሳሳይ ትእዛዝ አላቸው፤ በእርሱም ላይ መኪናው ሳይቆለፍ በነፃ እንዲንከባለል የሚያደርግ ሌላ ትእዛዝ አለ። ፍጥነቱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ ትእዛዙ በራሱ ይቋረጣል። እንግዲህ ነገሩ ሲጠቃለል፣ ያ ሁሉ ብልኀት ያለው መኪና ለሦስት ደቂቃ እንደ ላዳ እንዲሆን ትምህርት ተሰጠው ማለት ነው።

ወደ ውጭ የሄዳችሁና ይህ ጽሑፍ የሚደርሳችሁ ወገኖቻችን፣ ምክሩን በአጭሩ እንስጣችሁ። ወደ ማጠቢያው ከመግባታችሁ በፊት የመኪናውን መጽሐፍ ተመልከቱ። መጥረጊያውን፣ ራሱን የሚይዘውን የእጅ ፍሬን፣ የግጭት መከላከያውን አጥፉ። ሞተሩን ግን አታጥፉ፤ በሩንም አትክፈቱ።

እዚህ ያለን አንባቢያን ደግሞ ሌላ ነገር ሳናስብ አንቀርም። ውኃውን አጣርቶ መልሶ የማይጠቀም ማሽን አንዱን መኪና ለማጠብ ከመቶ ሊትር በላይ ያፈስሳል። በአደጋ ጊዜ ርዳታ ላይ የሚሠሩ ድርጅቶች የሚመሩበት ስፊር የተባለው መመሪያ ደግሞ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል። ጀሪካን ይዞ ቦኖ ላይ የተሰለፈ ሰው ይህን ሒሳብ ያለ መምህር ይሠራዋል። ደግነቱ ብዙዎቹ የዛሬ ማጠቢያዎች ውኃውን እየሰበሰቡና እያጣሩ ደግመው ይጠቀሙበታል።

አሁን ወደ ደጃችን የሚመጣውን እንንገራችሁ። ጓደኛችን በአንድ ምሽት መልእክቱ የሰንሰለቱን መቆም ተረከልን። በዋሻው ውስጥ ሳለ የአንዱ መኪና የፍሬን መብራት ቀይ ሆኖ ከታየ ሠራተኛው ቁልፍ ይጫናል፤ ሁሉም ይቆማል። ያን ጊዜ በመሐል ያለው ሰው መስተዋቱ በአረፋ ተሸፍኖበታል፤ ፊቱንም ኋላውንም አያይም። አንዳንዱ ይደነግጥና በሩን ይከፍታል፤ መኪናው ይቆለፋል። ሰንሰለቱ እንደገና ሲነሣ የሚጎዳው እርሱ ነው፤ ከኋላው ያለውም አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ ጓደኛችን እየረጠበ ገብቶ እያንዳንዱን መስኮት ያንኳኳና መዳፉን ዘርግቶ፣ «ባሉበት ይቆዩ፤ ሞተሩ ይሥራ» ይላል።

ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። ጸጥ ያለበትን ምክንያት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 አሜሪካ ስደተኞችን የምትቀበልበትን አሠራር ስታቆም፣ ቃለ መጠይቁን ያለፈ፣ ሐኪም ያየው፣ የአውሮፕላን ቀን የተቆረጠለት ሰው ሁሉ በመሐል ቆሞ ቀረ። በእኛ መካከልም አሉ። ከባልደረቦቻችን ሁለቱ ጉዳያቸው እየተንቀሳቀሰ ነው ብለው ማስተማር ትተው ነበር። አልጋቸውንና ድስታቸውን ሸጡ። ሰንሰለቱ ሲቆም አልጋ የለም፣ ድስት የለም፣ ክፍልም የለም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው እናያቸዋለን። ያስተምሩት የነበረው ስምንተኛ ክፍል ሁለቱ ምድብ አንድ ላይ ተደርቦ ልጆቹ መስኮት ላይ ተቀምጠው ይማራሉ።

እነርሱን ለመውቀስ ይህን አልጻፍነውም። ተስፋ ያደረገ ሰው ዕቃውን ቢሸጥ ምን ይፈረድበታል? ዳሩ ግን ጓደኛችን ካወራልን ውስጥ አንድ ቁም ነገር አለ፤ እርሱን ለይተን ማየት ይገባናል። ማርሽ ዜሮ ላይ ነው ማለት ሞተሩ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ሞተሩ ይሠራል፤ መብራቱ ይበራል፤ የተቋረጠው ሞተሩን ከጎማው የሚያገናኘው ብቻ ነው። የቆመና የተቆለፈ መኪና ሌላ ነው፤ እርሱን ማንም ሊገፋው አይችልም፤ የገፋውም ይሰብረዋል። ከውጭ ለሚያያቸው ሁለቱም አይነዱም። ከውስጥ ግን አንድ አይደሉም። የምንሄድበትን አገርና የምንሄድበትን ቀን የሚወስነው ሌላ ነው፤ መሪው በእጃችን አይደለም። ልጆቹ እኩልታ ይማሩ አይማሩ የሚለውን ግን ማንም ከእኛ አልወሰደውም።

ምሳሌው እዚህ ላይ እንደሚያነክስ ሳናውቅ ቀርተን አይደለም። በማጠቢያው ውስጥ ያለ ሰው ከፍሎ ነው የገባው፤ ቢበዛ ከደቂቃዎች በኋላ ብርሃን እንደሚያይ ያውቃል። ይህ ሰፈር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ እዚህ ተወልደው እዚህ ልጅ የወለዱ አሉ። ሲቆም ደግሞ መስኮታችንን አንኳኩቶ «ባላችሁበት ቆዩ» ያለን ሰው አላየንም። ሰው መኪና አይደለም፤ ትእዛዝ ተጭኖ ፍርሃቱ አይተኛለትም። ስለዚህ አንኳኪው ከመካከላችን መገኘት አለበት እንላለን፤ ይህን ወረቀት በእጃችን እየጻፍን ከቤት ቤት የምናዞረውም ለዚሁ ነው።

የዚያን ምሽት መልእክት ጓደኛችን የዘጋው በጥያቄ ነበር፦ «ስምንተኛዎቹ የት ደረሱ? ባለ ሁለት ያልታወቁ እኩልታ ጀመሩ?» ማናችንም ቶሎ አልመለስንም። ከሁለቱ ባልደረቦቻችን አንዱ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ስኒውን በጣቱ ሲያሽከረክር ቆየና፣ «ምዕራፍ አራት ላይ ነው የተውኳቸው» አለ። ስልኩን ተቀበለና ወደ ውጭ ወጣ፤ ምን ብሎ እንደመለሰለት አልሰማንም።

ሰኞ ጠዋት ጠመኔ ሊጠይቅ መጣ። ያለን ሁለት ቁራጭ ስለነበር አንዱን ሰጠነው። ሁለተኛው ባልደረባችን ገና አልመጣም፤ ምድቡ ግን በስሙ እንዳለ ነው፤ ይህን ሲያነብ እንዲያውቀው ብለን ጻፍነው።